ምስሉ የሌለበት ማጀቢያ

ባለፈው እትም በዚህ የጥያቄና መልስ ዓምድ «ሰሞኑን የትኛውን የፊልም ማጀቢያ አልበም እያዳመጣችሁ ነው? ከፊልሙ ተለይቶ ሲደመጥስ እንዴት አገኛችሁት?» ብለን አንባቢያንን ጠይቀን ነበር። ከባሕር ዳርና ከጣና ዳርቻ የደረሱን ደብዳቤዎች ካሰብነው በላይ በዙ። አስተያየት ብቻ የያዙትን በየመልሱ ውስጥ አስገብተን፣ ጥያቄ ያነሡትን አምስቱን ግን ለብቻቸው አትመናቸዋል። እንደ ዓምዱ ልማድ የጸሐፊዎቹን ስም ትተን የሚኖሩበትንና ሥራቸውን ብቻ ጠቅሰናል።

ከጢስ ዓባይ፣ መምህር

«ውድ አዘጋጅ፦ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣውን ‹ዘ ሚሽን› የተሰኘ ፊልም ከዓመታት በፊት በታላቅ ወንድሜ ቤት አይቼው ነበር። ካህኑ ፏፏቴውን ቧጥጠው ወጥተው በጫካ መካከል የሚነፉት ዜማ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም። ዘንድሮ አልበሙን ባሕር ዳር ከሚገኝ ሙዚቃ ቤት በፍላሽ አስገልብጬ ሳዳምጠው ግን ቅደም ተከተሉ ከፊልሙ ጋር አልገጥምልህ አለኝ። ዝማሬው፣ ከበሮውና የትንፋሽ መሣሪያው አብረው የሚሰሙበት ታላቁ ክፍል መጀመሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ከፊልሙ የማስታውሳቸው አንዳንድ አጫጭር ክፍሎች ደግሞ ጨርሶ የሉም። የተቆራረጠ ነገር ሰጥተውኝ ይሆን? ወይስ የማጀቢያ አልበም ሲባል ልማዱ ይህ ነው?»

መምህር፣ የተቆራረጠ ነገር አልሰጡዎትም፤ ከሁኔታው እንደምረዳው የደረሰዎት በወጣበት ዓመት የታተመው አልበም ራሱ ነው። የሙዚቃው አቀናባሪ ኤንዮ ሞሪኮኔ በፊልሙ ውስጥ ካህኑ ኦቦ በተባለው የትንፋሽ መሣሪያ የሚነፉትን ዜማ፣ የመዘምራኑን ዝማሬና የአገሬውን ሰዎች የከበሮ ምት ለየብቻቸው ያሳድጋቸዋል፤ በአልበሙ ግን ሦስቱ የተገናኙበትን ክፍል በመክፈቻነት እናገኘዋለን። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። የፊልሙ ተመልካች ዜማዎቹን አንድ በአንድ እየተዋወቀ ሁለት ሰዓት ይጓዛል፤ አልበሙን የሚያዳምጥ ሰው ግን ግጥማቸውን አስቀድሞ ሰምቶ እያንዳንዳቸው ከየት እንደመጡ ኋላ ኋላ ይደርስበታል። የምንጩን ቦታ ሳያውቁ ወንዙን አስቀድሞ እንደማየት ነው፤ እኔ በበኩሌ አልበሙን ያለ ምስል እንዲቆም ያስቻለው አንዱ ነገር ይህ ይመስለኛል።

አጫጭሮቹ ክፍሎች ለምን ቀሩ ለሚለው ጥያቄዎ መልሱ ከአንድ ምክንያት በላይ አለው። በሸክላ ዘመን አንዱ ገጽ በደህና ጥራት የሚይዘው ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ያህል በመሆኑ፣ የሁለት ሰዓት ፊልም ማጀቢያ ሲታተም መጣል ያለበት መጣሉ ግድ ነበር። ሲዲ መጥቶ ከ70 ደቂቃ በላይ መያዝ ሲቻልም ችግሩ ወዲያው አልተፈታም፤ በአሜሪካ የሙዚቀኞች ማኅበር ደንብ መሠረት ለፊልም የተቀዳ ሙዚቃ በአልበም ሲወጣ ለተጫዋቾቹ እንደገና ይከፈል ስለነበር፣ አሳታሚዎች ወጪውን በመፍራት በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ብዙ አልበሞችን 30 ደቂቃ ገደማ ላይ ይገቱአቸው ነበር። ሦስተኛው ምክንያት የአቀናባሪው የራሱ ምርጫ ሲሆን፣ ለእኛ ለአድማጮች ከሁሉ በላይ የሚጠቅመንም እርሱ ነው። የአሥራ ሁለት ሰኮንድ የቫዮሊን ጭረት በር ሲከፈት ያስደነግጣል፤ በሩ በሌለበት ግን የአሥራ ሁለት ሰኮንድ ጭረት ሆኖ ይቀራል።

ጆን ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1977 ለ«ስታር ዋርስ» ከለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር ያስቀዳውን ሙዚቃ በሁለት ሸክላዎች ሲያሳትም የትዕይንቶቹን ተራ ትቶ ለማዳመጥ በሚስማማ አደረጃጀት አስቀምጦታል። በ1982 «ኢ.ቲ.» ለተባለው ፊልም ያሳተመው አልበም ላይ ደግሞ ከዚያ አልፎ፣ ሙዚቃውን በኮንሰርት መልክ አስተካክሎ ለአልበሙ ብሎ እንደገና አስቀድቶታል። ስለዚህ አልበም ስንገዛ አንዳንድ ጊዜ በፊልሙ የሰማነውን ቅጂ ጭራሽ ላናገኘው እንችላለን። በርናርድ ኸርማን በመታጠቢያ ቤቱ የግድያ ትዕይንት ለሚታወቀው ለ1960ው «ሳይኮ» የደረሰው ሙዚቃ ፊልሙ በወጣ ጊዜ አልበም አልነበረውም፤ ደራሲው ራሱ በ1975 ለንደን ላይ ሲያስቀዳው ከፊልሙ ዘግ ያለ ፍጥነት ሰጠው። ከደብዳቤ ጸሐፊዎቻችን አንዱ የባሕር ዳር ነዋሪ ይህንኑ ቅጂ አዳምጦ «መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ገዳዩ የደከመው ይመስላል» ሲል ጽፎልናል። አባባሉ አስቆኛል፤ ነገር ግን በዝግታው ውስጥ በፊልሙ ፍጥነት የማይለዩ የውስጥ ድምፆች ይሰማሉና ቅጂውን እንደገና እንዲሞክረው እጠይቀዋለሁ።

ከሁሉ የከፋው የ«ብሌድ ራነር» ጉዳይ ነው። ፊልሙ በ1982 ሲወጣ ቫንጌሊስ በሲንተሳይዘር (በኤሌክትሮኒክ የሙዚቃ መሣሪያ) የሠራው ማጀቢያ አልታተመም፤ በምትኩ በሌላ ኦርኬስትራ የተጫወተ ቅጂ ለገበያ ቀረበ። የቫንጌሊስ የራሱ አልበም የወጣው በ1994 ሲሆን፣ እርሱም ከፊልሙ የተወሰዱ ንግግሮች በየመካከሉ የገቡበት፣ በፊልሙ ያልነበሩ ክፍሎችም የተጨመሩበት ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ለጠበቀ አፍቃሪ ይህ ቅር ቢያሰኝም፣ አልበሙ በራሱ እንደ አንድ ሌሊት ሆኖ ስለሚሰማ እኔ ከጉድለቱ ጋር እቀበለዋለሁ።

አሁን አሁን አሳታሚዎች ፊልሙ ውስጥ ያለውን ሁሉ፣ የተጣሉ ሙከራዎችን ጭምር፣ በሁለትና በሦስት ሲዲ አድርገው ማውጣት ጀምረዋል። ለሚያጠና ሰው ሀብት ነው። ለሚያዳምጥ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ያሰለቻል፤ ሞልቶ መምጣቱን ብቻ እንደ ጥራት የሚቆጥሩ አንባቢያን ይቅር ይበሉኝ። እርስዎ ግን መምህር፣ የፏፏቴ ጎረቤት ስለሆኑ አንድ ነገር ልለምንዎት። በአልበሙ በሁለተኛነት የተቀመጠውና በፏፏቴው የተሰየመው ክፍል የውኃውን ጩኸት ለመምሰል አይታገልም፤ ዝግ ብሎ ያዜማል። በክረምት መጨረሻ ዓባይ ሞልቶ ጢስ ሲያወጣ አንድ ጊዜ፣ በበጋ ውኃው ወደ ኃይል ማመንጫው ዞሮ ገደሉ ሲራቆት ደግሞ ሌላ ጊዜ ያዳምጡትና የትኛው ቀን ለዜማው እንደቀረበ ይጻፉልን።

ከባሕር ዳር፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ሁለት ጓደኛሞች

«ጋሼ፦ ከሥራ በኋላ ጣና ዳር ቁጭ ብለን ስንከራከር ውለን ስንከራከር እናድራለን። አንዳችን ‹ጥሩ የፊልም ሙዚቃ ማለት ተመልካቹ ሳያስተውለው የሚያልፍ ነው› እንላለን፤ ሌላችን ደግሞ ‹ከሲኒማ ቤት ወጥቼ ላንጎራጉረው ካልቻልሁ ሙዚቃ አልነበረም፤ አልበሙንም አልገዛውም› እንላለን። የተሸነፈው የዓሣ ጥብስ ሊጋብዝ ተወራርደናልና ይፍረዱን።»

በመጀመሪያ «ሳይስተዋል የሚያልፍ» የሚለውን እንመርምረው። አልፍሬድ ሂችኮክ በ«ሳይኮ» የመታጠቢያ ቤቱ ግድያ ያለ ሙዚቃ እንዲታይ አስቦ ነበር። ኸርማን ግን በአውታር መሣሪያዎች ብቻ የተጻፈውን ክፍል አሰማው፤ ዳይሬክተሩም ሐሳቡን ለወጠ። ያን ጩኸት ሳያስተውል የወጣ ተመልካች ያለ አይመስለኝም፤ ፊልሙን ያላዩ ሰዎች እንኳ ያውቁታል። ዳይሬክተር ሰርጂዮ ሊዮኔ በ1968 ለወጣው ምዕራባዊ ፊልሙ ሞሪኮኔን ሙዚቃውን አስቀድሞ እንዲያዘጋጅ አድርጎ፣ በቀረጻው ቦታ እያሰማ ተዋንያኑን አንቀሳቅሷል። በ«ኢ.ቲ.» መጨረሻ ደግሞ ስቲቨን ስፒልበርግ ምስሉን አስጠፍቶ ዊሊያምስ ኦርኬስትራውን እንደ ኮንሰርት በነፃነት እንዲመራ ከፈቀደ በኋላ፣ ፊልሙን በሙዚቃው ልክ እንደገና ቆረጠው። ሙዚቃው ባይስተዋል ኖሮ ለእርሱ ሲባል ፊልም አይቆረጥም ነበር።

የማንጎራጎሩ ሐሳብም ቢሆን ጎደሎ አለው። «ሳይኮ»ን ማን ያንጎራጉረዋል? ሃንስ ዚመር ለ2014ቱ «ኢንተርስቴላር» የሠራው ማጀቢያ ረዥም ዜማ የለውም ማለት ይቻላል፤ ጥቂት ድምፆች እየተመላለሱ ይከማቹና በመጨረሻ ለንደን በሚገኘው በቴምፕል ቤተ ክርስቲያን የተቀዳው የአየር ኦርጋን ሁሉን ይሸፍነዋል። የፊልሙ ዳይሬክተር ክሪስቶፈር ኖላን ለዚመር መጀመሪያ የሰጠው ስለ ወላጅና ስለ ልጅ የተጻፈ አንድ ገጽ ብቻ ነበር፤ የሕዋ ፊልም መሆኑን አልነገረውም። ከባሕር ዳር የጻፈች አንዲት ነርስ «በፊልሙ ንግግሩን ስለዋጠብኝ ተናድጄ ነበር፤ በአልበሙ ግን ከሌሊት ተራ ወደ ቤት ስመለስ የማዳምጠው እርሱን ብቻ ነው» ትላለች። ፊልሙን የጎዳ የመሰላት ያው ሙዚቃ ለብቻው ሲሆን ጠቅሟታል።

ሁለታችሁም ያላነሣችሁት ሌላ ነገር አለ። የዛሬ ፊልም ሠሪዎች ቅንብሩ ሳይደርስ ምስሉን የሚቆርጡት ከሌላ ፊልም ወይም ከሌላ አልበም በተዋሱት ጊዜያዊ ማጀቢያ ላይ ነው። ዳይሬክተሩ ያንን ወር ሙሉ ሲሰማው ይለምደዋል፤ አቀናባሪውም በመጨረሻ «ይህንኑ ምሰልልኝ» ይባላል። ስታንሊ ኩብሪክ በ1968ቱ የሕዋ ፊልሙ ላይ በጊዜያዊነት ያስቀመጣቸውን ቀድሞ የነበሩ የክላሲክ ሥራዎች እስከ መጨረሻው ሲያስቀራቸው፣ ለፊልሙ ብሎ የጻፈው አሌክስ ኖርዝ ሙዚቃው መውጣቱን ያወቀው በምረቃው ዕለት ተመልካች ሆኖ ተቀምጦ ነው። ያ የተጣለ ሥራ በ1993 በጄሪ ጎልድስሚዝ መሪነት ተቀድቶ ታተመ፤ ምስል የሌለው ብቻ ሳይሆን ምስሉን የተነጠቀ ማጀቢያ ነው። ብዙ አዳዲስ አልበሞች እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉት የአቀናባሪዎቹ ችሎታ ስላነሰ አይደለም፤ ሁሉም የአንዱን ጊዜያዊ ማጀቢያ ሲከተሉ ስለሚውሉ ነው። «አይስተዋልም» የሚባለው ሙዚቃ አብዛኛው ከዚህ የሚመነጭ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ፍርዱ እንግዲህ ይኸው ነው። ሳይስተዋል ማለፍ ለአንዳንድ ትዕይንት መልካም ሊሆን ይችላል፤ ባለፈው እትም የጠየቅነው ግን ስለ አልበም ነው፤ ሳይስተዋል የሚያልፍ አልበም ደግሞ ገንዘብ ማባከን ነው። ዓሣውን የመጀመሪያው ይጋብዝ። ሁለተኛው ግን ስላንጎራጎረ ብቻ እንዳይኩራራ ለስላሳውን እርሱ ይክፈል።

ከባሕር ዳር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ

«ጋሼ፦ ‹ብሮክን ፍላወርስ› በተባለው የጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ስሰማ ኩራት ተሰማኝና አልበሙን ፈልጌ አገኘሁት። የክፍል ጓደኛዬ ግን ‹ይህ የፊልም ሙዚቃ አይባልም፤ የቆየ ሙዚቃ ነው የለጠፉበት› አለኝ። እውነቱን ነው?»

ጓደኛሽ ስለ አሠራሩ ያለው እውነት ነው፤ ስለ ውጤቱ ግን ተሳስቷል። ማጀቢያ ሲባል በምስሉ ልክ አዲስ የተደረሰ አለ፤ ቀድሞ ከነበረ ሥራ ተመርጦ የተሰበሰበም አለ። የ2005ቱ የጃርሙሽ ፊልም ሁለተኛውን መንገድ ይከተላል። ክፍሎቹ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ሲሆኑ፣ ዳግመኛ ለዓለም የተሰሙት በ1998 በታተመው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ አልበም አራተኛ ቅጽ ነው። ነገር ግን ፊልሙ ላይ እንዴት እንደገቡ ልብ በዪ፦ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ወደ ጉዞው የሚገፋፋው ኢትዮጵያዊ ጎረቤቱ ለመንገድ ብሎ ሲዲ ቀድቶ ይሰጠዋል፤ ሰውየውም መኪናውን እየነዳ ያንኑ ይከፍታል። ሙዚቃው የታሪኩ አንድ ዕቃ ሆነ ማለት ነው። በአልበሙ ላይ ከሌሎች አርቲስቶች ሥራዎች ጋር ስለተደባለቀ ግን ያ የመንገድ ስሜት ይበታተናል፤ በእኔ ግምት አራተኛውን ቅጽ ከዳር እስከ ዳር ብታዳምጪ ፊልሙን ይበልጥ ታገኚዋለሽ።

ሌላም ልጠቁምሽ። እ.ኤ.አ. በ2023 በኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በ1960ዎቹ ከጣና ባሻገር ጎንደር ተቀምጠው የያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፣ መጠጊያ አጥተው ደጅ የሚያድሩ የአብነት ተማሪዎችን አይተው አዝነው ነበር፤ በ1967 ጀርመን ውስጥ የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸውም ችግረኛ ልጆችን ለመርዳት የታሰበ ነበር። የፒያኖ ሥራዎቻቸው በ2020 «ታይም» በተባለው ዘጋቢ ፊልምና በ2021 «ፓሲንግ» በተባለው ፊልም ውስጥ ገብተዋል። ሁለቱም አሜሪካዊ ታሪክ የሚተርኩ ናቸው፤ ፒያኖው ግን በባዕድ ቤት የገባ እንግዳ አይመስልም። እርሳቸው ሲጫወቱ ቀኝ እጃቸው የምቱን መስመር እየለቀቀ እንደ ዜማ ስለሚዘገይና ስለሚፈጥን፣ ምስሉ ሙዚቃውን ይጠብቀዋል። ለጓደኛሽ አሰሚው።

ከባሕር ዳር፣ የባጃጅ አሽከርካሪ

«በባጃጄ የኦርኬስትራ ማጀቢያ ስከፍት ዝግ ያለው በሞተሩ ይዋጣል፤ ድምፁን ስጨምር ደግሞ በድንገት ይፈነዳና ተሳፋሪ ይደነግጣል። ምን ላዳምጥ?»

ወንድሜ፣ የኦርኬስትራ ቅጂ በዝቅተኛና በከፍተኛ ድምፁ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው፤ ለሲኒማ አዳራሽ ጸጥታ ተብሎ የተሠራ ነውና ከባጃጅ ጋር አይዋደድም። «ኢንተርስቴላር»ን ለቤት ያቆዩት። ሞሪኮኔ በ1960ዎቹ ለሊዮኔ የሠራቸው ግን ፉጨት፣ ጊታርና ጅራፍ ስላላቸው ሞተርን ሰንጥቀው ይሰማሉ፤ ከጊዮርጊስ አደባባይ እስከ ዓባይ ድልድይ ባለው መንገድ አንዱ ክፍል ያልቃል። ተሳፋሪ ሲደራደር ብቻ የፍልሚያውን ክፍል አይክፈቱ።

ከዘጌ፣ ማሲንቆ ተጫዋች

«ይድረስ ለአዘጋጁ፦ ከአባቴ በወረስሁት ማሲንቆ የምተዳደር ሰው ነኝ። ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት የፊልም ሠሪ ለፊልሙ ማጀቢያ እንድጫወትለት ወደ ስቱዲዮ ወሰደኝ። እዚያ ስደርስ ከውጭ ፊልም የተወሰደ ሙዚቃ አሰማኝና ‹ይህን የመሰለ አድርግልኝ› አለኝ። በጆሮ ማዳመጫው ደግሞ እንደ ሰዓት ‹ጠቅ ጠቅ› የሚል ነገር ለቆ ከእርሱ ዝንፍ እንዳልል አዘዘኝ። እኔ የለመድሁት የሰው ፊት እያየሁ መጫወት ነው። ጣቴ ታሰረ፤ ቀኑን ሙሉ ውለን አንድም የረባ ነገር ሳይወጣ ተለያየን። የውጭ ማጀቢያዎችን ልጄ በስልኩ እያሰማኝ ብዙ አዳመጥሁ፤ ደስ ይላሉ። ማሲንቆ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም ማለት ነው?»

ጥፋቱ የማሲንቆውም የእርስዎም አይደለም፤ አብረው እንዲሠሩ ከተደረጉት ነገሮች አንዱ ያለ ቦታው ገብቶ ነው። ያ «ጠቅ ጠቅ» ብዙ ተጫዋቾች ከምስሉ ጋር እኩል እንዲረግጡ የሚረዳ መቁጠሪያ ነው። የፊልም ምስል በሰኮንድ 24 ጊዜ ይለዋወጣል፤ ሙዚቃው በደቂቃ 120 ምት ከሄደ አንዱ ምት በየ12 ምስሉ ያርፋል፤ አቀናባሪውም በሩ የሚዘጋበትን ምስል ቆጥሮ ምቱን እዚያ ላይ ያሳርፋል። ለሰማንያ ሰው ኦርኬስትራ ይህ ያስፈልጋል። ለአንድ ሰውና ለአንድ አውታር ግን ምን ያደርጋል? እርስዎ ፊት እያዩ መጫወት የለመዱ ከሆነ ሊሰጥዎት የሚገባው ፊት ነው፦ ምስሉ በስክሪን ላይ፣ መቁጠሪያው ወዲያ።

ይህን የምለው ከራሴ አመንጭቼ አይደለም። በታኅሣሥ 1957 እ.ኤ.አ. የጃዝ ጥሩንባ ተጫዋቹ ማይልስ ዴቪስ ፓሪስ ላይ የዳይሬክተር ሉዊ ማልን የመጀመሪያ ልብ ወለድ ፊልም ማጀቢያ ሲሠራ፣ አስቀድሞ ጥቂት የድምፅ ስምምነት (ሃርሞኒ) ንድፎችን ብቻ ይዞ ከአራት ተጫዋቾች ጋር ስቱዲዮ ገባ፤ ትዕይንቶቹ ግድግዳ ላይ እየታዩ በአንድ ሌሊት ተጫውተው ጨረሱ። ጀግናዋ በሌሊት ጎዳና ስትንከራተት ጥሩንባው ከእርምጃዋ ኋላ ኋላ ይሄዳል፤ ቆም ስትል ይቀድማታል። ከዚያ የወጣው አልበም ፊልሙን ያላዩ ሰዎች ሁሉ የሚያዳምጡት ሆነ። አዝማሪ ቤት የገባውን እንግዳ ፊት አይቶ፣ ስሙን በጆሮው ተቀብሎ፣ እዚያው በዚያው ግጥምና ዜማ የሚያወርድ ሰው ይህን ሥራ ከማንም አስቀድሞ ያውቀዋል። እርስዎን መቁጠሪያ ማስያዝ የሚዋኝን ሰው ታንኳ ውስጥ አስሮ እንደ ማስቀመጥ ነው።

ሦስት ነገሮችን ግን ከእርስዎ ወገን ማሰብ ይገባል። አንደኛው የድምፁ ከፍታ ነው። ማሲንቆ ለሰው ድምፅ በጣም ስለሚቀርብ ተዋንያኑ ሲነጋገሩ ሦስተኛ ተናጋሪ ሆኖ ይገባባቸዋል፤ በአዝማሪ ቤት ይህ ጸጋ ነው፤ በፊልም ግን ንግግሩን ያደበዝዘዋል። ስለዚህ ንግግር ባለበት ቦታ ወይ አንድ ድምፅ ብቻ ይዘው ይቆዩ፣ ወይ ጨርሰው ዝም ይበሉና ንግግሩ ሲያልቅ ይግቡ። ንግግር ሥር ሊቀመጥ የሚችለው በገና ነው፤ አሥሩ አውታሮቹ ዝቅ ብለው በእንዝራው እየነዘሩ ስለሚጮኹ ከሰው ድምፅ በታች ምንጣፍ ይሆናሉ። ፊልም ሠሪው በገና ደርዳሪ ቢጨምር አይከፋዎት።

ሁለተኛው ቅኝት ነው። በአገራችን ፊልሞች እንባ በታየ ቁጥር ትዝታ ይከፈታል፤ ተመልካቹም ገና ተዋናይቱ ሳታለቅስ ማልቀሷን ከሙዚቃው ያውቃል። እኔ ይህን እንደ ስንፍና ነው የምቆጥረው። አንቺ ሆዬ ቅኝት የሚያስጨንቅ ጠባብ ርቀት በውስጡ አለው፤ ገና ክፉ ነገር ሳይደርስ፣ ሰውየው ቡናውን እየጠጣ ሳለ፣ ከእርሱ ሁለት ድምፅ ብቻ ቢሰማ ተመልካቹ ምክንያቱን ሳያውቅ ወንበሩ ላይ ይነቃነቃል። ዊሊያምስ በ1975 ስለ ሰው በላ ዓሣ ለሚተርከው «ጆውስ» ያደረገው ይኸው ነው፤ ሁለት ጎረቤት ድምፆች እየተመላለሱ ዓሣው ሳይታይ ዓሣውን አሳዩ። እርስዎ በአንድ አውታር ላይ ለዚያ የሚሆን ከበቂ በላይ አለዎት።

ሦስተኛው ያ «ይህን ምሰልልኝ» የተባሉት ነገር ነው። ከላይ ለሁለቱ ጓደኛሞች እንደገለጽሁት ወጣቱ የለመደው ጊዜያዊ ማጀቢያውን ነው፤ ክፋት ኖሮበት አይመስለኝም። በሚቀጥለው ጊዜ «ይህ ሙዚቃ እዚህ ቦታ ላይ ምን ይሠራልሃል?» ብለው ይጠይቁት። «ያስፈራል» ካለ የማስፈራቱን ሥራ በራስዎ መንገድ ይሥሩለት። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣውን የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ይመልከቱ፦ ሙዚቃው የጆርጋ መስፍንና የአሜሪካዊው ፒያኒስት የቪጄይ አየር ሲሆን፣ የእኛ ዜማና የእነርሱ ጃዝ አንዱ ሌላውን ለመምሰል ሳይጣጣር ጎን ለጎን ይሄዳል።

ስለ አልበሙም ልንገርዎት፤ ጉዳዩ ከዚያ ተነሥቷልና። በአገራችን ከፊልም የሚወጣው ብዙውን ጊዜ የመክፈቻው ዘፈን ብቻ ነው፤ በክሊፕ ይለቀቃል፤ ከዘፈኑ በስተኋላ ያለው የመሣሪያ ሥራ ፊልሙ ከሲኒማ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል። «ሂሩት አባቷ ማነው» የተባለው ፊልም ከወጣበት ከ1957 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ፊልም ተሠርቶ ስንት ማጀቢያ አልበም በእጃችን እንዳለ ይቁጠሩት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለተጫዋቾችም መብት ይሰጣል፤ መብቱ የሚሠራው ግን ወረቀት ላይ ሲሰፍር ነው። ስለዚህ ዳግመኛ ከመግባትዎ በፊት ለፊልሙ ብቻ እንደተስማሙና ቅጂው በአልበም ቢወጣ የተለየ ክፍያ እንዳለዎት በውሉ ያስጽፉ። ከስቱዲዮው ሲወጡም ማሲንቆው ለብቻው የተቀዳበትን ፋይል ግልባጭ ለልጅዎ ስልክ አስገልብጠው ይያዙ፤ ፊልሙ ቢቀር እንኳ እኛ እርሱን አዳምጠን በዚሁ ዓምድ የምንጽፈው አናጣም።